የማይከፈተው ዣንጥላ

የሀገር ምስጢር ከፍኖተ ሰላም ወጣ፤ መውጣቱን የደረሰበት ሰውም በማግስቱ ሞቶ ተገኘ። ነገሩ ይኸው ነው።

ሟቹ አቶ ሀይሉ ይባላል። ከጎረቤት ሀገራት ጋር ስለ ሳይበር ጥቃት ሊፈረም በታሰበው ስምምነት የተደራዳሪው ቡድን መሪ ነበር። ጥቃት ሲደርስ ማን ለማን ያሳውቃል፣ ማን የማንን ማዕከል ገብቶ ይፈትሻል የሚለውን ሰነድ የሚያዘጋጁ ጥቂት ሰዎች ይዞ፣ ከአዲስ አበባ ወሬ ርቆ፣ ከተማው ዳር ባለ የእንግዳ ማረፊያ ከትሞ ከርሟል። ሰነዱ ያለው ከኢንተርኔት ጋር በማይገናኝ አንድ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ያለበት ክፍል የብረት በር አለው። ስልክ ይዞ መግባት ክልክል፤ ብቻን መግባትም ክልክል።

ያም ሆኖ የወዲያኛው ወገን፣ «ከጨነቀን እዚህ ድረስ እንለቃለን» ተብሎ በሰነዱ የተያዘውን የመጨረሻ ነጥብ፣ ድርድሩ ሳይጀመር መነሻዬ ነው ብሎ ላከ። ሀይሉ ቡድኑን ሰብስቦ «ከመካከላችን አንዱ ነው» አለ። ያን ዕለት ሲመሽ ዝናብ ጣለ፣ መብራት ጠፋ፤ ሲነጋ ሀይሉ የለም።

ኢንስፔክተር ናጂሃ ኑዕማን ከባሕር ዳር የተነሳችው በጠዋት ነው። ዱርቤቴ ላይ የተቀበላት ዝናብ ማንኩሳን ካለፈች በኋላም አልለቀቃትም። የቡሬ ነጋዴ ልጅ ናት፤ ዕቃ አገላብጣ ሳታይ ዋጋ አትጠራም። ግቢው በር ላይ ዶክተር ዳኘው ቆመው ጠበቋት። የሳይበር ደህንነት ፖሊሲን ከሀሁ ጀምረው ዩኒቨርሲቲ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፤ አሁን የቡድኑ አማካሪ ናቸው። ጋቢያቸው ውሃ ጠጥቶ ከብዷል፤ ነጭ ጢማቸው ይንጠባጠባል፤ ዣንጥላቸው እንደተጠቀለለ ክንዳቸው ላይ ተንጠልጥሏል።

«ናጂዬ፣ መጣሽልኝ! እሷው ትላክ ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ።»

«በሰበሱ እኮ መምህር! ይግቡ እንጂ።»

«ሀይሉን አጥቼ ስለ ዝናብ ላስብ? አደጋ ነው ልጄ። ሥራው ላይ እንቅልፍ ጥሎት፣ የጄኔሬተሩ ጭስ ገደለው። ጄኔሬተሩን ዝናብ እንዳይመታው መስኮቱ ሥር ያስጠጋው ማህዲ ነው፤ ባለሙያችን። ምስጢሩንም ያወጣው እሱ ሳይሆን አይቀርም፤ ኮምፒውተሩ በእጁ ነው። የሚወስዱት ሰዎች ከአዲስ አበባ ተነስተዋል። አንቺ ሞቱን አደጋ ብለሽ ከዘጋሽው፣ ልጁ ቢያንስ ከነፍስ ግድያ ይድናል።»

ለልጁ ማዘናቸው አንጀቷን በላው። ያኔም እንዲህ ነበሩ፤ የወደቀ ተማሪ አይጥሉም።

ክፍሉን አየች። በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት ባለ ሁለት ተካፋች ነው፤ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ በሁለቱም ላይ እጀታ ያለው። ጄኔሬተሩ ከፍ ካለችው መስኮት ሥር ቆሟል፤ ጎማው ከቆርቆሮ መጠለያው ጀምሮ ጭቃውን አርሶታል። ሀይሉ ግን ወንበሩ ላይ አልነበረም። በሩ ሥር፣ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ ወድቋል። ናጂሃ ተንበርክካ እጁን ገለበጠችው። የጣቶቹ አንጓዎች ተልጠዋል።

እንቅልፍ የጣለው ሰው በር አይደበድብም።

ማህዲን ያስቀመጡት እንግዳ መቀበያው ውስጥ ነው። ወጣት ነው፤ ከዓይኑ ሥር ጠቁሯል።

«የምሽቱን ሶላት፣ መግሪብን ልሰግድ ስወጣ መብራት ነበር እህቴ። ጄኔሬተሩም ቦታው ነበር። ለሶላት ተሰልፈን ሰፍ ላይ ቆመን ሳለ ነው ከተማው የጨለመው። የኢማሙ ድምፅ ማጉያ ጸጥ ሲል ጊዜ፣ እሱ ጉሮሮውን ከፍ አድርጎ ቀጠለ። መስጊድ የነበረውን ጠይቂ።»

«ስትመለስስ?»

«ጄኔሬተሩ ይጮሃል። ዘበኛው ጋሽ ተስፋው አስነስተውት ይሆናል ብዬ ክፍሌ ገባሁ።»

«የት ቆሞ እንደሚጮህ ሳታይ?»

«ሳላይ።» አንገቱን ደፋ። «እናቴ ደምበጫ ገበያ ቅመም ትሸጣለች። ልጅሽ ሀገር ሸጠ ሲሏት ከእሷ በርበሬ ማን ይገዛል?»

ናጂሃ መስጊዱ አጠገብ ሱቅ ላለው ለአብዱልሀኪም ደወለች፤ የአባቷ ወዳጅ ነው። ማህዲ ጎኑ ቆሞ ሰግዷል፤ መብራቱም የጠፋው እዚያው ሰፍ ላይ ሳሉ ነው። መብራት ሳይጠፋ ጄኔሬተር የሚያስነሳ የለም። ስለዚህ ያስነሳው ሌላ ሰው ነው።

የዲፕሎማሲ ባለሙያዋ ህይወት ሳትጠየቅ ጀመረች። «ሲመሽ ግቢው በር ላይ፣ የዘበኛው ጎጆ ውስጥ ነበርኩ። ስልክ የሚሠራው እዚያ ብቻ ነው።»

«ወደ ክፍሉ ስትገቢስ ማን ይፈትሽሻል? ዘበኛው ወንድ ነው።»

«ወንድ እንዲነካኝ አልፈቅድም። አስካለ ማርያም ናት የምትፈትሸኝ። ባለፈው ስልክ ፍለጋ ብላ ሹሩባዬን አፍርሳብኛለች።»

ወለል የምትወለውለው አስካለ ማርያም ቀና አለች። «ሹሩባ ብሎ ዝም! የወፍ ጎጆ እንጂ ሹሩባ መቼ ነበር?»

ህይወት መሳቅ አማራት፤ ወዲያው ሐዘኑ መለሳት። «አንድ ነገር ልንገርሽ። ሀይሉ ብቻውን አይገባም። እኔ አንዴ ብቻዬን ብገባ ከቡድኑ ሊያባርረኝ ነበር። ሕጉን ሞቶም አያፈርስም።»

«እንግዲያው አብሮት ገብቶ የወጣ ሰው አለ» አለች ናጂሃ። የቀረውን ስም መጥራት አልፈለገችም። ስሙ ግን ጆሮዋ ላይ ቆሞ አልሄድ አለ።

ዘበኛው ተስፋው በዕድሜ የገፋ፣ ቀጥ ብሎ የሚቆም ሰው ነው። ህይወት ጎጆው ውስጥ እንደነበረች አረጋገጠ። «ስልኩን ከጆሮዋ ሳትነቅል! እኔ ነኝ እንጂ ጆሮዬን የታመምኩት። በዚያ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲወግረው መድፍ ቢተኮስ አይሰማም።»

«ጋሽ ተስፋው፣ ክፍሉ የሚገባውን ሰው ሁሉ ይፈትሻሉ?»

«ቀን ቀን አንድ አላስቀርም። ሲመሽ ክፍሉ ስለሚዘጋ ግቢው በር ላይ ነኝ።»

«ዶክተርንም?»

«እንዴታ! እሳቸው ራሳቸው ‹ፈትሸኝ፣ ይሉኝታ አይያዝህ› ይሉኛል። የተማረ ሰው እንዲህ ነው።»

«እስቲ ያሳዩኝ። እኔ ዶክተር ነኝ እንበል፤ ሳይነኩኝ ብቻ።» ከወንበሩ ላይ የራሱን ጋቢ አንስታ ትከሻዋ ላይ ጣለች፤ አንድ ዱላም ክንዷ ላይ አንጠለጠለች።

ተስፋው ከመቀመጫው ተነሳ። ቆቡን አወለቀ። ጎንበስ ብሎ ጋቢውንና ዱላውን በሁለት እጁ ተቀበላት፤ በሩን ከፍቶ እንደገባ ሆኖ ወንበር ላይ አኖረላት። ከዚያ ተመልሶ ኪሷን፣ ወገቧን፣ ቁርጭምጭሚቷን በአየር ላይ ፈተሸ። በጣም ጥንቁቅ ነበር።

«ጋቢውን አስቀድመው ለምን ወሰዱት?»

«ታዲያ ሽማግሌ ሰው ሸክም ይዞ ቆሞ ‹እጅህን አንሳ› ልበለው? አሳዳጊ የበደለኝ ነኝ እንዴ ልጄ?»

ናጂሃ ጋቢውን አጥፋ ቦታው መለሰችው። በክፍል ውስጥ መምህሯ ደጋግመው የሚሉት ነገር ነበር፦ «ፖሊሲን ጠላት አይሰብረውም፤ ይሉኝታ ነው የሚሰብረው። ሰው የሚያፍርበትን በር ፈልጉ።» በፈተና ወረቀቷ ላይ ጽፋ ሙሉ ነጥብ አግኝታበታለች። አሁን የያዛት ማዘን ሳይሆን ንዴት ነበር።

ስልኳ ጮኸ። የአዲስ አበባው መኪና ደምበጫን አልፏል።

ሁሉንም ምግብ አዳራሽ ሰበሰበቻቸው። ማህዲ በካቴና ታስሮ በሁለት ፖሊሶች መካከል ተቀመጠ፤ ህይወትና አስካለ ማርያም አንድ አግዳሚ ላይ፤ ተስፋው በሩ አጠገብ ቆመ። ዶክተር ዳኘው ራስጌውን ያዙ፤ ጋቢያቸው ከነእርጥበቱ ትከሻቸው ላይ፣ ዣንጥላቸው ጉልበታቸው ላይ ነው።

«ሀይሉ በአደጋ አልሞተም» አለች ናጂሃ። «በሩ ሥር ወድቋል፤ እጁ ተልጧል። ለመውጣት ታግሏል፤ በሩ ግን ከውጭ ተይዞ ነበር። ጄኔሬተሩን ማህዲ አላስነሳውም፤ መብራቱ ሲጠፋ መስጊድ ነበር። ህይወትና ጋሽ ተስፋው ግቢው በር ላይ አብረው ነበሩ። አስካለ ማርያም ከመምሸቱ በፊት ቤቷ ገብታለች። ሀይሉ ደግሞ ያለ አጃቢ አይገባም። አብሮት የገባውና ‹መጣሁ› ብሎ የወጣው ሰው አንድ ብቻ ይቀራል።»

ዶክተር ዳኘው በሐዘን ፈገግ አሉ። «ደክሞሻል ልጄ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ጄኔሬተር ልሸከም?»

«ጎማ አለው፤ ይጎተታል። ደግሞ ሸክም የሚያቀልልዎት ሰው ሞልቷል።» ወደ ተስፋው ዞረች። «ጋሽ ተስፋው የዶክተርን ሰውነት ይፈትሻሉ። ጋቢያቸውን ግን ከመፈተሻቸው በፊት ራሳቸው ተሸክመው ያስገቡላቸዋል። በአክብሮት። የሰነዱን ገጽ ፎቶ ያነሳው ስልክ የገባው በጋቢው ውስጥ፣ በዘበኛው እጅ ነው።»

ተስፋው ግድግዳውን ተደገፈ። «በስመ አብ!»

«አስካለ ማርያም፣ እስቲ የጋቢውን ጠርዝ ይዳብሱት።»

አስካለ ማርያም ፈራ ተባ እያለች ቀረበች። ዶክተሩ ጋቢውን ጨበጥ አደረጉ፤ ሁሉም እንደሚያያቸው ሲያውቁ ለቀቁት። ሴትዮዋ ድርቡን በጣቶቿ እየገለጠች ሄደች። «ስፌቱ ተተርትሯል… በድርቡ መሐል ኪስ ሠርተውበታል። ባዶ ነው።»

«ባዶ ኪስ ወንጀል ነው?» አሉ ዶክተሩ። ድምፃቸው ግን ሳስቷል።

«አይደለም። መምህር፣ ጠዋት ዝናቡ ሲወርድብዎት ዣንጥላዎ ክንድዎ ላይ ነበር። ልክፈትልዎ ብዬ እንኳ አላሰብኩም፤ ሐዘን ነው አልኩ። እስቲ አሁን ይክፈቱልኝ።»

«ምን?»

«ዣንጥላውን። ይክፈቱት።»

ናጂሃ ከጉልበታቸው ላይ አንስታ፣ የጨርቁን ማሰሪያ ፈታ ወደ ላይ ገፋችው። ግማሽ ድረስ ሄዶ ቆመ። የብረቱ ዘንግ ጎብጧል፤ ጥቁሩ ጨርቅ ላይ ሁለት አረንጓዴ ጭረት አለ።

«የበሩ ሁለት እጀታዎች ቀለም ነው። በሁለቱ መካከል ቀርቅረውት ሄዱ። ሀይሉ ከውስጥ ሲገፋ ብረቱን አጎበጠው፤ አልሰበረውም። ጎህ ሲቀድ መጥተው ነቀሉት። ሊጥሉት አልቻሉም፤ በየቀኑ የሚቀበልዎት ሰው ‹ዣንጥላዎስ?› ይላል።»

ዶክተር ዳኘው ሲናገሩ ማንንም አላዩም።

«ፖሊሲውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሀገሩ ሳይበር የሚለውን ቃል ሳያውቅ እኔ ነበርኩ። ጠረጴዛው ላይ ባንዲራው ሥር የሚቀመጠው ግን ሀይሉ ሆነ፤ እኔ ከኋላው ወረቀት አቀብላለሁ። የወዲያኛው ወገን ሰዎች የቀጠናውን የሳይበር ማዕከል እንድመራ ቃል ገቡልኝ። አንድ ገጽ ነው የሰጠኋቸው። ሀይሉ ደረሰብኝ። ‹ነገ ለሁሉም እናገራለሁ፤ ዛሬ ግን ለእርስዎ ክብር ስል ለብቻችን እንነጋገር› አለኝ።»

«ይሉኝታ ይዞት» አለች ህይወት፤ አለቀሰች።

«ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» አለ ተስፋው ለራሱ።

ከፖሊሶቹ አንዱ የማህዲን ካቴና ፈታ። ማህዲ አንጓውን እያሻሸ ስልክ ለመነ፤ እናቱ ጋ ሊደውል።

«ናጂዬ» አሉ ዶክተሩ። «ከተማሪዎቼ ሁሉ አንቺን ያስጠራሁት… ስለማምንሽ ነው።»

«አይደለም» አለች ናጂሃ። «ስለማምንዎት ነው።»

ከውጭ የመኪና ጡሩንባ ተሰማ። ዶክተር ዳኘው ተነሱ። ጋቢው ከትከሻቸው ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ እንደ ልማዳቸው ሰው እስኪያነሳላቸው ቆመው ጠበቁ። ተስፋው ሳያስበው ጎንበስ አለ። መሐል ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ እጆቹን ወደ ኋላው አጣመረ።

ናጂሃ ዣንጥላውን ለባልደረባዋ ሰጥታ ወደ በሩ ሄደች። ከኋላዋ «ልጄ» የሚል ድምፅ ሰማች። ወጣችና በሩን ዘጋችው።