በአንድ ሳምንት የተሰረዙ ሁለት መስመሮች

ሽማግሌው ስታን ትሬገንዛ ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞቶ ተገኘ። የኦክስጅኑ ቱቦ አፍንጫው ላይ ነበር፤ ኦክስጅን የሚሰጠው የኤሌክትሪክ ማሽን ግን አይሠራም። የአውስትራሊያዋ ብሮክን ሂል ከተማ ያን ቀን በሙቀት ትነድ ነበር።

ሴት ልጁ ጆስሊን ፖሊሷን ሳጅን ኖሪን ቬላን በር ላይ ጠብቃ ክንዷን ያዘቻት።

«እኔ ነኝ የገደልኩት፣ ኖሪን። ካውያ ስሰካ የማሽኑን መሰኪያ ነቅዬ ይሆናል። እሱ ከምሳ በኋላ እንደ ልማዱ ተኝቷል፤ እኔ ሱቅ ሄድኩ።»

«ስትመለሺ ማሽኑን ነክተሻል?»

«ፈርቼ አልነካሁትም።»

ኖሪን መሰኪያውን አየች፤ በቦታው ነው። ከዚያ ወጥ ቤት ገብታ የኤሌክትሪክ ምድጃውን ለረጅም ጊዜ ስትመለከት ቆየች።

በማግስቱ፣ ማሽኑን ከክትትል አገልግሎት ጋር በሚያከራየው ድርጅት የጥሪ ክፍል ሦስቱን ሰበሰበቻቸው፤ ጆስሊንን፣ ማሽኑን የነደፈውን ዳሚየንንና ማሽን ሲቆም ለደንበኞች የሚደውሉትን ሠራተኞች ኃላፊ ሱኒታን።

«የምድጃሽ ሰዓት ዜሮ ላይ ብልጭ ድርግም ይላል» አለቻት ጆስሊንን። «አንድ መሰኪያ ቢነቀል ምድጃው አይጠፋም። ትናንት ከምሳ በኋላ መብራት ከሰፈሩ ሁሉ ለአርባ ደቂቃ ሄዶ ነበር፤ ጎረቤትሽም ነግራኛለች። አንቺ አልገደልሽውም።»

ጆስሊን ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች።

«መብራቱ ሲመለስስ ማሽኑ ለምን አልተነሳም?» አለች ኖሪን ወደ ዳሚየን ዞራ።

«ሰው ቁልፉን ካልተጫነው አይነሳም፣ ሳጅን» አለ ዳሚየን።

«ሲቆም ለምን አልጮኸም?»

«የማስጠንቀቂያ ጩኸቱን ከማሽኑ አስወገድነው። ደንበኞች ውሻችንን አሳበደው አሉ። ደግሞ እነሱ ይደውላሉ» ብሎ በአገጩ ሱኒታን አመለከተ።

«እኛማ መደወል ትተናል!» አለች ሱኒታ። «ደንበኞች ሲጋራ ሊያጨሱ ማሽኑን ባጠፉት ቁጥር ስንደውል ይሰድቡናል። ስታን እንኳ ‹እናቴም እንዲህ አልተቆጣጠረችኝ› ብሎኛል። ማሽኑ ይጮሃል ብለን ነው የተውነው።»

ጆስሊን እያለቀሰች ሳቀች። አባቷ እንዲህ ማለቱ አያጠራጥርም።

ኖሪን ሁለት ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀመጠች። «ይሄ ማሽኑ ማሟላት ያለበት ዝርዝር፣ ይሄ የአገልግሎቱ። ከዚህ ጩኸቱ፣ ከዚያ ጥሪው የተሰረዘው በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው። ሁለታችሁም ሁለቱም ላይ ፈርማችኋል። የሌላውን ያነበበ አለ?»

ሱኒታ የማሽኑን ዝርዝር ወደ ራሷ ስባ ማንበብ ጀመረች።

«ታዲያ ማንን ታስሪልኛለሽ?» አለች ጆስሊን።

ኖሪን የምታስረው ሰው አልነበራትም። እንዲህ ያለውን ጥፋት የሚያስከስስ ሕግ አታውቅም።

በዚያው ቅጽበት ግድግዳው ላይ ባለው የማሽኖቹ መከታተያ ሰሌዳ አንዱ መብራት ቀላ።

«ምንድን ነው?» አለች ኖሪን።

«ዋይት ክሊፍስ የምትባል ከተማ ያለ አንድ ሽማግሌ ነው» አለች ሱኒታ። «ማሽኑ ቆሟል።»

«መብራት ሄዶ ነው ወይስ ራሱ አጥፍቶት?»

«ሰሌዳው አይለይም» አለች ሱኒታ።

«ደውይ እንጂ!»

ስልኩ ይጠራል፤ የሚያነሳ የለም። ዋይት ክሊፍስ ከዚህ በመኪና የሦስት ሰዓት መንገድ ነው።

«ሊያጨስ ወጥቶ ይሆናል» አለ ዳሚየን ቀስ ብሎ።

ጆስሊን ስልኩን ከሱኒታ እጅ ወስዳ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው።

«ያንሱት እንጂ፣ አባባ» አለች። «እባክዎ ያንሱት።»