ተቀባዩ ይውጣ!

አጎቴ ጋሼ ሊባኖስ ዘንድሮ በጋ በዚህ ዓለም የሚያናድዳቸው ሰው ማን እንደሆነ ቢጠየቁ፣ ሳያቅማሙ «ያ ተቀባይ!» ይሉ ነበር። እኔም የምወደው ሰው ማን እንደሆነ ቢጠይቁኝ መልሴ ያው ነበር። እንኳንም አልጠየቁኝ።

ጋሼ በተማሪነት ስቶክሆልም መጥተው፣ የደን ተመራማሪ ሆነው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሄሰልቢ ሰፈር ያለው ቤታቸው ከቤዝቦል ሜዳ አጥር ጋር ይዋሰናል። ጨዋታውን መጀመሪያ ከመስኮት፣ ቀጥሎ ከአጥሩ ሥር፣ በመጨረሻም ከፊተኛው ረድፍ ተቀምጠው ተማሩት። ከዚያ ጓደኞቻቸውን ሁሉ ጎትተው አመጡ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነጠላቸውን እንደለበሱ ረድፉን ሲሞሉት፣ ስዊድኖቹ ጨዋታውን ትተው እነሱን ያዩ ነበር።

ቡድኑ «ንቦቹ» ይባላል። ዓምና ማንም ከቁብ ሳይቆጥራቸው ሁለተኛ ወጡ። ስለዚህ ዘንድሮ ከዋንጫ በታች የሚያስብ ጠፋ፤ ኤሚል የሚባል ስመ ጥር ኳስ ወርዋሪም ከሌላ ከተማ አስመጡ። ከዚያ መሸነፍ ጀመሩ። ሲሸነፉ ሲሸነፉ ከታች ሁለተኛ ሆኑ።

«ዱላው ነው!» ይላሉ ጋሽ አዲሱ። «የዓምናው ዱላ ኳሷን ሲያገኛት ደረትህ ድረስ ይሰማ ነበር። የዘንድሮው ምን ያለው ነገር ነው?»

«አሠልጣኙ ነው» ይላሉ ጋሽ ተክለ ማርያም። «ሰውዬው ፈገግ ሲል አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ብሆን ራሴ እፈራዋለሁ።»

ጋሼ ግን ይነሣሉ። «ተቀባዩ ነው! ኳስ እያለፈችው አይደል እንዴ የሚሮጡብን? ራሱስ ቢሆን እጁን አንሥቶ ያምናል፤ ሌላ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ? ተቀባዩ ይውጣ!»

ተቀባይ ማለት ከመቺው ኋላ ቁጢጥ ብሎ፣ ፊቱን በብረት ሸፍኖ፣ ወርዋሪው የሚልካትን ኳስ የሚይዘው ነው። ካመለጠችው ተጋጣሚው ይሮጣል። የንቦቹ ተቀባይ ኢዩኤል ነው፤ እዚሁ ያደገ፣ ከመላው ቡድን ብቸኛው የእኛ ልጅ።

እኔና ኢዩኤል የተዋወቅነው ግን ሜዳ ላይ አይደለም። ከአዲስ አበባ በመጣሁ በዓመቴ፣ ቬሊንግቢ ካለው መድኃኒት ቤት ሥራዬን ጨርሼ በቱነልባና፣ በከተማው ባቡር፣ ወደ ቤት ስመለስ እንቅልፍ ጣለኝ።

«ይቅርታ፣ መጨረሻው ጣቢያ ነው» አለኝ አንድ ድምፅ፣ በአማርኛ።

ብድግ አልኩ። ረጅም ነው፤ እስከ ጉልበቱ አፈር በአፈር ሆኗል።

«አበሻ መሆኔን በምን አወቅህ?»

«በስልክ ስታወሪ ሰማሁ። ለእናትሽ ስለ ምስር ነበር የምትነግሪያት።»

አፈርኩና ወሬ ለመቀየር ያህል «ግንባታ ነው የምትሠራው?» አልኩት።

«ዳጊስ ነው የምሠራው። ሕፃናት ነው የምጠብቀው።»

«ታዲያ ሕፃናቱ ናቸው እንዲህ ያደረጉህ?»

ሳቁ ቶሎ አይመጣም፤ ሲመጣ ግን ዓይኑ ይቀድማል። ያን ቀን ከባቡሩ ወርደን እስከ ጋሼ በር ድረስ ሸኘኝ። የቤቱን ቁጥር ሲያይ ግን ቀጥ ብሎ ቆመ።

«የአቶ ሊባኖስ ዘመድ ነሽ?»

«የወንድማቸው ልጅ ነኝ። ታውቃቸዋለህ?»

«ድምፃቸውን በደንብ አውቀዋለሁ» አለ።

ከዚያ በኋላ ያለውን መዘርዘር አያስፈልግም። ሳላየው የዋልኩበት ቀን ቀን አይመስለኝም ነበር፤ ይኸው ነው። የማይዋጥልኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከጋሼ ጎን ተቀምጬ ሳይ፣ ብዙዎቹ ኳሶች የሚያልፉት በእሱ ጥፋት አልነበረም። ኤሚል መሬት ላይ ይፈጠፍጣቸዋል ወይም ማንም በማይደርስበት ከፍታ ይሰዳቸዋል። ኢዩኤል ግን ሁልጊዜ ደረቱን መታ አድርጎ እጁን ያነሣል፤ የእኔ ነው ማለቱ ነው። ሕዝቡም ያምነዋል።

«ለምንድን ነው እንዲህ የምታደርገው?» አልኩት አንድ ቀን በሐይቁ ዳር ስንሄድ። «የሱ ጥፋት ለምን ያንተ ይሆናል?»

ጠጠር አንሥቶ ሐይቁ ውስጥ ወረወረ። ቃሉን እየመረጠ እንደሆነ ስለማውቅ ጠበቅሁት።

«ዓምና ማንም ምንም አልጠበቀብንም ነበር» አለ። «ደስ ብሎን ነው የተጫወትነው። ዘንድሮ ሁሉም ዋንጫ ዋንጫ ይላል። ኤሚል ኳሷን ሲይዝ ጣቶቹ ይንቀጠቀጣሉ፤ ከእኔ በቀር ማንም አያይም። ሰው ሁሉ ቢጮህበት ጨርሶ መወርወር ያቆማል።»

«አንተ ላይ ሲጮሁስ?»

«እኔ ፊቴ ተሸፍኗል» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ትቶ «ለማንም እንዳትነግሪ። ለአጎትሽም ቢሆን» አለኝ። ቃል ገባሁለት።

ቃሌ ያንገበገበኝ ስለ ጋብቻ ስናወራ ነው። አባቴ ካረፈ ወዲህ ያስተማሩኝ፣ እዚህም ያመጡኝ ጋሼ ናቸው። «እሳቸው እምቢ ካሉ እኔም እምቢ ነኝ፤ ካሁኑ እወቀው» አልኩት። ፊቱ ላይ ያየሁትን ዛሬም አልወደውም። «እሺ፣ ሽማግሌ እልካለሁ» ብቻ አለ።

ታዲያ የኢዩኤል እናት ስቶክሆልም ውስጥ የምታውቃቸው ሽማግሌዎች እነማን ናቸው? እነዚያው ደጋፊዎች ናቸው! በነሐሴ አንድ እሑድ፣ ጨዋታ ሊጀመር ሲል፣ ጋሽ ተክለ ማርያም፣ ጋሽ አዲሱና ብዙ የማይናገሩት ጋሽ ብርሃነ ሥላሴ ሙሉ ልብስ ለብሰው በሩን አንኳኩ። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ በሩን ገርበብ አደረግሁት።

«ምነው ቆማችሁ? ተቀመጡ እንጂ!» አሉ ጋሼ።

«የመጣንበት ጉዳይ ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ተክለ ማርያም፣ እንደ ወጉ። «ልጅዎን ልደታን ለልጃችን እንዲሰጡልን ነው አመጣጣችን።»

«የማን ልጅ ነው?»

«የደህና ሰው ልጅ ነው። እርስዎም ያውቁታል። ኢዩኤል ይባላል።»

ከሜዳው የተመልካቹ ጭብጨባ በመስኮት ይገባ ነበር።

«ተቀባዩ?» አሉ ጋሼ።

«ተቀባዩ።»

«ተክለ ማርያም፣ ታሾፍብኛለህ እንዴ? ቡድናችንን ገደል የከተተውን ልጅ ነው ለልደታ ያመጣህልኝ?»

«ስንት ጊዜ ልንገርህ፤ አሠልጣኙ ነው!»

«ዱላው ነው እኮ ጎበዝ!» አሉ ጋሽ አዲሱ።

በቃ፣ እርስዎ መባባሉም ቀረ፣ እኔም ተረሳሁ። ሦስቱ እንደቆሙ፣ ጋሼ እየተንጎራደዱ፣ የግንቦቱም የሰኔውም ሽንፈት ሳሎኑ መሐል ተዘረገፈ። እኔ የወጥ ቤቱን ፎጣ በሁለት እጄ ጨብጬ ላልቅስ ልሳቅ ቸገረኝ። እውነቱን አውቀዋለሁ፤ አንድ ቃል ብናገር ያበቃል። ግን ቃል ገብቻለሁ። ያን ጊዜ ነው «እኔም እምቢ ነኝ» ያልኩበትን አፌን የረገምኩት።

«የሱን ጥፋት ልንገራችሁ?» አሉ ጋሼ። «የሰኔውን ጨዋታ አስታውሱ። ኳሷ ከኤሚል እጅ ስትወጣ ጀምሮ እያየኋት ነበር። መሬት ነክታ ነጥራ ነው ያለፈችው። እሱ ምን አደረገ? እጁን አነሣ!»

«መሬት ከነካችማ የኤሚል ጥፋት ናት» አሉ፣ እስከዚያ ትንፍሽ ያላሉት ጋሽ ብርሃነ ሥላሴ።

«እሱማ የኤሚል ናት።»

«ከዚያ በፊት ያለችውስ? በራሱ ላይ ያለፈችው?»

«እሷም የኤሚል ናት። እሱ ግን…» ጋሼ ቆሙ። «እሱ ግን እጁን…»

በጣታቸው አየር ላይ አንድ ሁለት እያሉ ጨዋታዎቹን ሲቆጥሩ በበሩ ስንጥቅ አየኋቸው። ሰው ሁሉ የሚያየውን ሳይሆን ኳሷን የሚከተሉ፣ ዓይነ ስል ሰው ናቸው፤ ያዩትን ሁሉ ያስታውሳሉ። ብቻ እስከዚያ ቀን ያዩትን ደምረው አያውቁም ነበር።

ሚስታቸው እትዬ የሻሽወርቅ ከሶፋው ሆነው ሲያዳምጡ ቆይተው ነበር። «ሊባኖስ» አሉ። «ሰው ለልጁ ባል ሲመጣ ጊዜ ወስዶ ያጣራል፤ ጎረቤት ይጠይቃል፣ ዘመድ ይጠይቃል። አንተ ሁለት በጋ ሙሉ አፍጥጠህ ስታየው ነው የከረምከው። ሲሰድቡት ተሳድቦ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ተናዶ ጥሎ ወጥቶ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«በሰው አሳብቦ ያውቃል?»

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት። ከዚያ ማንም ያልጠበቀውን አደረጉ። «ልደታ!» ብለው ተጣሩ። «ነይ ውጪ። ከበሩ ኋላ እንዳለሽ አውቃለሁ።»

ፎጣዬን እንደያዝኩ ወጣሁ። በወጉ ቢሆን የዚያን ቀን በሽማግሌ ፊት አልታይም።

«ትወጂዋለሽ?»

መሬት መሬት እያየሁ «እወደዋለሁ ጋሼ» አልኩ። ከዚያ ቀና ብዬ ደገምኩት፤ ምን እንደነካኝ አላውቅም። «በጣም እወደዋለሁ።»

ጋሼ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። ዓይናቸው እርጥብ ነበር። «እኔ ስሰድበው የከረምኩት የሌላውን ስለተሸከመ ነው ማለት ነው?» አሉ ቀስ ብለው። «እንዲህ ያለውን ሰው ለሷ ፈልግ ቢሉኝ ከወዴት አመጣ ነበር? ተቀመጡ። ሰጥቻለሁ፤ ተቀመጡ።»

እትዬ እልል አሉ። ሽማግሌዎቹም ተቀመጡ፤ ግን ብዙም አልቆዩም፣ ጨዋታው ሊያልቅ ነዋ።

እኔ ቀድሜያቸው ወጣሁ። ስደርስ ንቦቹ ተሸንፈው ሰው ወደየቤቱ እየተበተነ ነው። ኢዩኤል የፊቱን ብረት አናቱ ላይ ሰቅሎ፣ በአጥሩ በር ብቻውን ቆሟል። ዛሬ ሽማግሌ እንደሚገባ ያውቃል። አየኝ፤ ፊቴን አነበበው። ከዚያ ግን መጠየቅ ፈራ፤ ለደጋፊ ጩኸት ያልተበገረው ሰው ከንፈሩ ደርቆ ነበር።

«ሰጡ» አልኩት።

ዓይኑን ጨፈነ። አቧራ በአቧራ በሆነው እጁ ሊነካኝ ብሎ መልሶ ሰበሰበው፤ እኔ ያዝኩት።

«እምቢ ቢሉ ኖሮስ?» አለ። «የነገርሽኝን አልረሳሁም። ስጫወት ውዬ አንዲት ኳስ በትክክል አላየሁም። የዛሬው የእውነት የእኔ ጥፋት ነው።»

«እምቢ ቢሉም እመጣ ነበር» አልኩት። «ወጥ ቤት ቆሜ ነው ያወቅሁት። እያለቀስኩም ቢሆን እመጣ ነበር።»