የአልጣሽ እጅ

የሰልማ ወንዝ የቆመው በጠራራ ፀሐይ፣ ሴቶች ልብስ እያጠቡ ሳለ ነው። ግድብ አልተሠራበትም፣ ተራራም አልተናደበትም፤ እንደ ደከመው መንገደኛ ቆመ፣ ከዚያም ወደ አሸዋው ሰረገ። ዓሦች በጭቃው ላይ ሲንፈራገጡ፣ አዞዎች አፋቸውን ከፍተው ሲቀሩ፣ የናሕዋር ሕዝብ በአንድ አፍ ጮኸ። ሽማግሌዎች ግን አልጮኹም። እነርሱ የሆነውን ዐወቁ። ሐሩማ የተባለው አውሬ በድምያስ ተራራ ሆድ ውስጥ ነቅቶ በወንዙ ምንጭ ዓይን ላይ ተቀምጧል።

ሐሩማን አይቶ የተመለሰ ሰው የለም። ከአባቶች ሲወርድ የመጣው ወሬ ግን ጥፍሩ አያስፈራም፣ ጥርሱም አያስፈራም፤ የሚያስፈራው ቃሉ ነው ይላል።

ንጉሥ ሐንድያስ ሦስት ጊዜ አርባ አርባ ጦረኛ ላከ። ሦስቱም ጊዜ ማንም አልተመለሰም። በአራተኛው ወር ጉድጓዶች ነጠፉ፤ እናቶች የሸንበቆ ሥር እያኘኩ እርጥበቱን በሕፃናት ከንፈር ላይ ይተፉ ጀመር። በዚህ ጊዜ ንጉሡ መጽሐፈ ዕጣ ይነበብ ዘንድ አዘዘ።

መጽሐፈ ዕጣ ከመንግሥቱ መሠረት አስቀድሞ እንደ ተጻፈ ይታመናል። ከአንድ ጸሓፊ በቀር የሚገልጠው የለም። የዚያ ዘመን ጸሓፊ ቀለመወርቅ ይባላል፤ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ሲናገር ዓይኑን መሬት ላይ የሚተክል ሰው ነው። በአደባባይ ቆሞ አነበበ፦

«ወንዙን የምትመልሰው የታንኳ ቀዛፊ ልጅ ናት፤ ስሟም አልጣሽ ነው። ከሁለት ሰዎች ጋር ትወጣለች። ከሁለቱ አንዱ ከእጇ ወድቆ ይሞታል። እርሷ ግን ትመለሳለች።»

አልጣሽ ከሕዝቡ መካከል ቆማ ስሟን ሰማች። ሃያ ዓመቷ ነው። አባቷ በጎርፍ ከሞተ ጀምሮ ያሳደጋት የአባቷ ወንድም ሸንቁጥ ነው፤ በወጣትነቱ የጦር አበጋዝ የነበረ፣ ዛሬ ግን ጉልበቱ የሚያመው ሽበታም። ሕዝቡ መንገድ ሲከፍትላት ወደ ዙፋኑ ቀረበች።

«ንጉሥ ሆይ፣ እሄዳለሁ» አለች። «ነገር ግን በዚህ ሕዝብ ፊት እምላለሁ፤ አብሮኝ የወጣ ሰው ከእጄ አይወድቅም። ከወደቀ ያሳደገኝ እህል ይፍረድብኝ።»

ሸንቁጥ ከኋላዋ መጥቶ ቆመ። «ልጄ ብቻዋን አትወጣም» አለ። ሦስተኛው ሰው ጸሓፊው ሆነ፤ የተነበበውን በዓይኑ አይቶ እንዲመዘግብ ሕጉ ያስገድደዋልና መጽሐፉን በጀርባው አዝሎ ተነሣ።

የሸንቁጥ ሚስት ወርቅያንጥፉ እስከ ከተማው በር ሸኘቻቸው። አላለቀሰችም። የባሏን መቀነት አጠበቀችና ወደ አልጣሽ ዞረች። «ቁልቁለት ላይ ጉልበቱ ይከዳዋል፤ ያዢው» አለቻት።

ዘጠኝ ቀን በደረቀው ወንዝ ሆድ ውስጥ ተጓዙ። በየመንደሩ ቀባሪ ያጣ ሬሳ አገኙ። በአንድ ስፍራ አንዲት ሴት ባዶ እንስራ ታቅፋ እንደ ልጅ ስታባብለው አዩና ከኮዳቸው አንድ ጉንጭ ውሃ ሰጧት፤ ሴትዮዋ ውሃውን እንስራው ውስጥ ጨመረችው።

ከመንደሩ ሲርቁ አልጣሽ ወደ ሸንቁጥ ዞረች። «ጋሼ፣ ከሁለታችሁ አንዱ እንደሚሞት ተጽፏል። ለምን መጣህ?»

ሸንቁጥ በበትሩ ላይ ተደግፎ ዐረፈ። «እኔ ማንበብ አልችልም» አላት። «መጽሐፉ የሚለውን አላውቅም። ያንቺን እጅ ግን ዐውቀዋለሁ።»

ቀለመወርቅ ይህን ሲሰማ ፊቱን አዞረ።

በዐሥረኛው ቀን ከድምያስ ግድግዳ ሥር ደረሱ። ድንጋዩ በመጥረቢያ የተፈለጠ ያህል ቀጥ ያለ ነው። ቀለመወርቅ ሰውነቱ ቀላል ስለ ሆነ ቀድሞ ወጣ፤ አልጣሽ የሸንቁጥን ጦር በጀርባዋ አስራ ተከተለች። እኩለ መንገድ ላይ ካለች ጠባብ እርከን ላይ ተቀመጠችና እግሮቿን ከድንጋይ አስደግፋ ሸንቁጥ ወገቡን የታሰረበትን ገመድ ትስብ ጀመር። የቀዛፊ ልጅ ነችና ገመድ መያዝ ታውቃለች።

የናስ ምንቃር ያላቸው የድምያስ አሞሮች የመጡት ያን ጊዜ ነው። ከስንጥቁ ሁሉ እንደ ጢስ ወጡ። የሸንቁጥን ትከሻ ቦጨቁ፤ የረገጣት ድንጋይ ተነቀለች፤ የሰውየው ክብደት በሙሉ በአልጣሽ መዳፎች ላይ ወደቀ።

ያዘች። ገመዱ ቆዳዋን በላ፣ ሥጋዋን ጀመረ፤ ያዘች። አሞሮቹ ጀርባዋን ሲቀዱት፣ ደሟ በክንዷ ሲወርድ፣ ያዘች። ከታች የሸንቁጥ ድምፅ በእርጋታ መጣ፦ «ትንሽ ያዢ ልጄ፣ እግሬ መርገጫ ሊያገኝ ነው።»

በዚያች ቅጽበት አንድ ሐሳብ መጣባት። ተጽፏል። ሐሳቡ አላስፈራትም፤ ለደከመ ሰው እንቅልፍ እንደሚጣፍጥ ጣፈጣት። ተጽፏል፤ ታዲያ ምን ያለፋኛል። እጇ ተከፈተ።

ሸንቁጥ ሲወድቅ አልጮኸም።

አሞሮቹ ሬሳውን ተከትለው ወረዱ። ቀለመወርቅ ከላይ ተንሸራትቶ መጣና መዳፎቿን በጨርቅ ጠቀለለላት። «የተጻፈው ሆነ» አላት። «አንቺ አልበደልሽም።» አልጣሽ ያን ቃል እንደ ውሃ ጠጣችው። ሁለት ቀን ሙሉ እየወጡ ደጋግማ ጠጣችው፤ አልበደልሁም፣ ተጽፎ ነው። ያለዚያ ቃል አንዲት እርምጃ አትራመድም ነበር።

ቀለመወርቅ ግን እህል አልቀምስ አለ። ከዋሻው አፍ ሲደርሱ ተንበረከከ፤ መጽሐፉን ከጀርባው አውርዶ በፊቷ ገለጠው። ገጹ ባዶ ነበር። ቀጣዩም ባዶ ነበር። አልጣሽ በቆሰለ እጇ ቅጠሉን እስከ መጨረሻው ገለበጠች፤ አንዲት ፊደል የለችበትም።

«ጸሓፊ ሲሞት ለሚተካው የሚነግረው ምሥጢር ይህ ነው» አላት። «አራት መቶ ዓመት እንዲህ ነው። ንጉሥ ሲጨንቀው ትእዛዝ ይፈልጋል፤ እኛ እናበጅለታለን፤ ሕዝቡም የሰማውን ይፈጽማል። ገመድ የምትችል ሴት እንዳለች ሰማሁና ስምሽን ጠራሁ።»

«አንዱ ይወድቃል ያልኸውስ?»

ጸሓፊው መጽሐፉን ከድኖ መልሶ አዘለው። «ሐዘን የሌለበት ትንቢት ሰው አያምነውም። ስለዚህ ጨመርሁት።»

አልጣሽ የሸንቁጥን ጦር አንሥታ በጸሓፊው ደረት ላይ አሳረፈችው። እርሱም አልሸሸም። ጫፉ ልብሱን ወጋ። ከዚያ ግን ጦሩ ዝቅ አለ፤ የባሰ ነገር ወደ ልቧ ገብቷልና።

«እንግዲያ እጄን የከፈተው ማን ነው?» አለች።

ጦሩን በእጇ ጨበጠች። እርሷም ጥያቄዋን ይዛ ወደ ዋሻው ገባች፤ ወደ ኋላ የምትመለስበት ፊት አልነበራትም።

ዋሻው እንደ አዳራሽ ሰፊ ነው፤ ከጣሪያው ቀዳዳ የቀን ብርሃን ይወርድበታል። በብርሃኑ ዙሪያ መቶ ሃያ ሰዎች ተቀምጠዋል። ንጉሡ የላካቸው ሦስቱ ሠራዊት ነበሩ። አልሞቱም፤ ጢማቸው አድጎ፣ ዓይናቸው ተከፍቶ ይጠብቃሉ። በመካከላቸው ሐሩማ ተጠምጥሟል፤ ገላው የእባብ፣ ፊቱ የሰው ይመስላል፣ ዓይን ግን የለውም። «ትተነፍሳላችሁ» ይላል፤ መቶ ሃያው ይተነፍሳሉ። «እስትንፋሳችሁን ታስወጣላችሁ» ይላል፤ ያስወጣሉ። ድምፁ በጆሮ አይመጣም፤ የራስ ሐሳብ ይመስል ከደረት ውስጥ ይነሣል።

«ትቀመጫለሽ» አለ። አልጣሽ ተቀመጠች። «ጦሩን ታኖሪያለሽ።» አኖረች። ማንም አላስገደዳትም፤ ክፋቱም ይኸው ነው፣ የራሷ ፈቃድ መስሎ ተሰማት። ተከትሏት የገባው ቀለመወርቅም ከጎኗ ተቀመጠ።

«በገመዱ ላይ እጅሽን የከፈትሁት እኔ ነኝ» አለ ሐሩማ፤ ድምፁ እንደ እናት ለሰለሰ። «ያን ሐሳብ የላክሁት እኔ ነኝ። በዚህ ምድር የሚንቀሳቀስ ሁሉ በቃሌ ይንቀሳቀሳል። አንቺ ንጹሕ ነሽ። አዎን በዪና ዕረፊ፤ ከእንግዲህ አትመርጪም፣ አትጸጸቺምም።»

አልጣሽ አለቀሰች። በሕይወቷ እንዲህ የሚጣፍጥ ቃል አልሰማችም። እውነት ሊሆን እንደሚችልም ዐወቀች፤ በዚያች ቅጽበት በልቧ ውስጥ ማን እንደ ተናገረ የምትለይበት ሚዛን አልነበራትም። አዎን ለማለት ከንፈሯን ከፈተች።

የተቀደደው መዳፏ ያን ጊዜ ነዘራት። ቁስሉን አየችው። ጥልቅ ነው፤ ገመዱ እስከ አጥንት ወርዷል። ለአንድ አፍታ የያዘ ሰው እጅ እንዲህ አይቆስልም።

«ከመልቀቄ በፊት ይዤው ነበር» አለች በቀስታ። «ያን ጊዜ የያዘውስ አንተ ነህ?»

ሐሩማ አልመለሰም። መቶ ሃያው ሰዎች እስትንፋሳቸውን ይዘው ጠበቁ።

«እስከዚያ ድረስ የያዝሁት እኔ ነበርሁ። ያን አልሰጥህም። እንግዲያ የለቀቅሁትም እኔ ነኝ። ጋሼ ሸንቁጥን የጣልሁት እኔ ነኝ።»

ይህን ስትል በላይዋ ላይ ተራራው የተጫነ መሰላት፤ በዚያው ሸክም ግን እግሮቿ መሬት ያዙ። ጦሩን አነሣች። ሐሩማ ጮኸ፦ «ጸሓፊ፣ ትይዛታለህ።» ቀለመወርቅ ዘሎ ክንዷን ጨመደደ፤ ጣቶቹ እንደ ብረት ናቸው።

አልታገለችውም። «ቀለመወርቅ» አለችው፣ «የያዘኝ ማን ነው?»

ሰውየው እጁን የሌላ ሰው እጅ ይመስል አየው። ላብ በግንባሩ ወረደ። «እኔ» አለ፤ ቃሉ ከጉሮሮው እንደ እሾኽ ወጣ። «እኔ ነኝ።» ጣቶቹ አንድ በአንድ ተፈቱ።

አልጣሽ ሮጣ ጦሩን እስከ እጀታው ከሐሩማ ጉሮሮ ሰደደችው። አውሬው ተንፈራግጦ ከምንጩ ዓይን ላይ ተንከባለለ፤ የአራት ወር ውሃም እያገሣ ወጣ።

የድል እልልታ ግን አልነበረም። ቃሉ ሲሞት መቶ ሃያው ሰዎች መተንፈስ አቆሙ። ፊታቸው እየጠቆረ፣ ተንፍሱ የሚላቸውን ይጠብቁ ነበር። ቀለመወርቅ በመካከላቸው ይሮጥ ጀመር፤ አንዱን በጥፊ ይመታል፣ ሌላውን ትከሻውን ይዞ ይነቀንቃል። «የሚያዝህ የለም» ይላቸዋል፣ «ራስህ ተንፍስ፣ ራስህ ተንፍስ።» ገና እንደ ተወለደ ሕፃን እየጮኸ የነቃውን አልጣሽ ወደ ዋሻው አፍ ትጎትታለች። አንዳንዶቹ ነቁ። አንዳንዶቹ በሁለቱ እጅ ላይ ሞቱ።

ውሃው ወገብ ሲደርስ አልጣሽ ከዋሻው አፍ ላይ ቆማ ጠራችው። ቀለመወርቅ ቀና ብሎ አያት። መንገዱ ክፍት ነበር፤ ዐሥር እርምጃ አይሞላም። ከጎኑ ግን አንድ ያልነቃ ሽማግሌ ወታደር ተቀምጧል። ጸሓፊው ወደ ብርሃኑ አየ፣ ወደ ሽማግሌው አየ፤ ጎንበስ አለና ትከሻውን ያዘ። ውሃው ሁለቱንም ሸፈናቸው። ባዶው መጽሐፍም አብሮ ሄደ። ይህን የተነበየ ማንም አልነበረም።

አልጣሽ ከስድሳ ሁለት ሰዎች ጋር ወረደች። ወንዙ ቀድሟቸው ናሕዋር ደርሶ ነበር፤ ሕዝቡ በዳርቻው ተንበርክኮ በእፍኙ እየጠጣ ቆያቸው። በአደባባይ ነጋሪት ተጎሰመ። ንጉሥ ሐንድያስ ከዙፋኑ ተነሥቶ «የተጻፈው ተፈጸመ» አለ፤ ሕዝቡም ቃሉን አስተጋባ።

«አልተፈጸመም» አለች አልጣሽ። «አንዱ ይወድቃል ተባለ፤ ሁለቱም ሞቱ። መጽሐፉ ባዶ ነበር፣ በዓይኔ አየሁት። አጎቴን ማንም አልጣለውም፤ እኔ ለቀቅሁት።»

ከሕዝቡ መካከል አንድ ሰው እልል አለ፤ ሌላው ተቀበለው። ንጉሡ ወደ ጆሮዋ ዘንበል ብሎ «ልጄ፣ ደክሞሻል» አላት። በማግሥቱ አዲስ መጽሐፍ እንዲደጐስ አዘዘ።

እርሷ ግን ከአደባባዩ ቀጥታ ወደ ሸንቁጥ ቤት ሄደች። ወርቅያንጥፉ ከደጃፉ ተቀምጣለች፤ ጎረቤቶች ከብበው ያጽናኗታል። አልጣሽ ከፊቷ ቆማ የተጠቀለለውን መዳፏን ፈታች።

«እትዬ፣ እግሩ መርገጫ ሊያገኝ ነበር። ያዢ አለኝ። ደከመኝና ለቀቅሁት። አልተጻፈም። እኔ ነኝ።»

ጎረቤቶቹ ተንጫጩ፤ ተዪ፣ ከተጻፈ ማን ያመልጣል አሉ። ወርቅያንጥፉ በእጇ ዝም አሰኘቻቸው። የአልጣሽን ፊት ለረጅም ጊዜ አየች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እንባዋ ወረደ።

«ይኸው ዜናው ከደረሰ ጀምሮ ሁሉም ተጽፎ ነው ይሉኛል» አለች። «ከጽሑፍ ጋር ምን ብዬ ልጣላ? ማንን ብዬ ልርገም፣ ማንንስ ይቅር ልበል? አሁን ሰው አገኘሁ።» ትንፋሿ ተቆራረጠ። «ሂጂ። ዛሬ ፊትሽን ማየት አልችልም።»

አልጣሽ ዞረች። ከአጥሩ ሳትወጣ ድምፅ ከኋላዋ ደረሳት።

«ነገ ነዪ» አለች ወርቅያንጥፉ። «የምችል እንደ ሆነ አላውቅም። ግን ነዪ።»

በማግሥቱ ሄደች። በሩ ተዘግቶ ነበር። ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ጠበቀች።