በር ያለው ቅጠል

ኮቴ የክሊኒኩ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ላየው ሰው ተራውን የሚጠብቅ በሽተኛ ነው። ጭኑ ላይ የስኳር ሕመምተኞች ኢንሱሊን የሚይዙበት ትንሽ ፔርሙስ አለ። ውስጡ ግን ኢንሱሊን የለም። በረዶው መካከል ሁለት ብልቃጦች ተቀብረዋል። አንዱ ክዳኑ ቀይ ነው፣ ሌላው አረንጓዴ።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ። አጎት ዘግይቷል።

አጎት የሚሉት የስለላ አለቃውን ነው። ኮቴ አንድ የዘር ኩባንያ ውስጥ ሰርጎ ከገባ ጀምሮ፣ ሰባት ወር ሙሉ፣ ከላኩት ሰዎች ከእሱ በቀር ማንንም አግኝቶ አያውቅም። በመጨረሻ መጣና አጠገቡ ተቀምጦ ጋዜጣውን ዘረጋ።

«ስኳርህ እንዴት ነው?»

«ከትናንት ይሻላል።»

የይለፍ ቃሉ ልክ ነው።

«አገኘኸው?»

«ሁለቱንም።»

«ጎበዝ። አረንጓዴውን ብቻ ስጠኝ።»

ኮቴ ቀና አላለም።

ስለ ክዳን ቀለም ለአጎት አንድም ቃል ተንፍሶ አያውቅም። ደግሞ የውጭ ሰው ቢሆን መርዙ ቀዩ ነው ብሎ ነበር የሚያስበው። በኩባንያው ላቦራቶሪ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ቀይ ክዳን ማለት እሳት የነካው፣ ተቀቅሎ ኃይሉ የጠፋ ማለት ነው። የሚገድለው አረንጓዴው ነው። ይህን የሚያውቁት አምስት ሰዎች ናቸው፤ አምስቱም የኩባንያው ደመወዝተኞች።

አጎት ተሸጧል።

«መጸዳጃ ቤት ደርሼ ልምጣ» አለ ኮቴ።

«አሁን?»

«ሆድ ቀጠሮ ያውቃል እንዴ?»

አጎት ሳቀ። ዓይኑ ግን እስከ በሩ ድረስ ተከተለው።

ኮቴ በሩን ቀረቀረና ክዳኖቹን አቀያየረ። የሚገድለውን ብልቃጥ ከበረዶ ጋር በመሐረብ ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ከተተ። የተቀቀለው፣ አረንጓዴ ክዳን ደፍቶ፣ ፔርሙሱ ውስጥ ቀረ።

አጎት ፔርሙሱን ከፍቶ አየ።

«ቀዩስ?»

«አረንጓዴውን ብቻ አላልክም? ደፋሁት።»

«ጥሩ። አሁን ወደ ሥራህ ተመለስ።»

የኩባንያው ጥበቃዎች እዚያ እንደሚጠብቁት ኮቴ አላጣውም። በጓሮ በኩል ወጥቶ የመጀመሪያው አውቶቡስ ላይ ተሳፈረ።

አውቶቡሱ በኩባንያው በር ላይ ያልፋል። ግንቡን አልፎ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ የላቦራቶሪዋ ባለሙያ እትዬ መርፌ አሁን ቅጠል እየወጋች ነው። ስሙን ያወጡላት ጽዳቶቹ ናቸው። ስሪንጇ ግን መርፌ የለውም፤ አፉን ከቅጠሉ ሆድ ጋር ገጥማ ብልቃጦቹ ውስጥ ያለውን የሻጋታ ፈሳሽ በዝግታ ትገፋዋለች። ኮቴ ጠርሙስ አጣቢ ሆኖ ሲቀጠር ስሙን የጠየቀችው እሷ ብቻ ነበረች። ማደሪያ ሲያጣም ከአክስቷ ልጅ ግቢ ክፍል ፈልጋ ያስገባችው እሷ ናት።

«ሻጋታ ጥርስ የለውም፣ ልጄ» ብላው ነበር አንድ ቀን። «ቅጠሉ ላይ ተኝቶ ፕሮቲን ያንጠባጥባል። ፕሮቲኑም ራሱ አይገድልም። ስንዴው የሚያስገባው በር ካለው ሰተት ብሎ ይገባል። ያን ጊዜ ቅጠሉ ይደነግጥና የገዛ ሥጋውን ይገድላል። ሻጋታው የሚበላው ሬሳውን ነው። በር የሌለው ስንዴ ግን ምንም አይሆንም።»

«አዲሱ ዘራችንስ?»

«የሱማ በር ወለል ብሎ ነው የተከፈተው። አለቆቹ አሳምረው ያውቃሉ። የሻጋታውን መድኃኒት የሚሸጡትም እነሱ አይደሉ?» እጇን በጋውኗ ጠረገች። «በል በል፣ ጠርሙስህን እጠብ።»

ያ ዘር ከዛሬ በአራተኛው ቀን ተጭኖ ለገበሬ ሊከፋፈል ነው።

ዛሬ ጠዋት «የቀዝቃዛውን ክፍል ቁልፍ ያውሱኝ፣ እትዬ፤ ጠርሙስ ላስገባ» አላት። ዓይኗን ከቅጠሉ ሳትነቅል ከአንገቷ አውልቃ ሰጠችው።

አውቶቡሱ ቆመ። በሩ ተከፈተ። ወርዶ «ይሽሹ» ሊላት ይችላል። ከወረደ ግን ተመልሶ አይወጣም። ደረቱ ላይ በረዶው እየቀለጠ ሸሚዙን አረጠበው።

አልወረደም።

የመንግሥት የዘር ተቆጣጣሪው ዶክተር ኮቴ ያመጣለትን ፈሳሽ ለሁለት ከፈለው፣ ግማሹን አፈላው። ሁለቱንም በአዲሱ ዘር ቡቃያ ላይ ወጋ፣ የፈላውን በቀኝ፣ ያልፈላውን በግራ። እርጥቡ ቦታ ወዲያው ስለሚደርቅ ዳር ዳሩን በእስክሪብቶ ከበበው።

«ሦስት ቀን ይፈልጋል» አለ።

«መኪኖቹ በአራተኛው ይወጣሉ።»

«እንግዲያው ሦስቱን ቀን በሕይወት ቆይልኝ። ፈሳሹ ከየት እንደመጣ የሚመሰክር ሰው ካጣሁ ይሄ ቅጠል ብቻ ነው።»

የመደበቂያ ቤቶቹን ሁሉ አጎት ያውቃቸዋል። የማያውቀው አንድ ቦታ ነው፤ እትዬ መርፌ ያስገባችው ክፍል። እሷ ካልተናገረች ማንም አያገኘውም።

እዚያው ገባ።

ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። እሷ ናት። ዘጋው። ደግማ ደወለች። ሦስተኛ ጊዜ ስትደውል ጥበቃዎቹ ከጀርባዋ ቆመው ታዩት። ሌባ እናት ልጇን አታምንም ይባላል፤ ሰላይም ከዚያ አይሻልም። ሲም ካርዱን አውጥቶ ሰበረው።

ከዚያ የጠበቀው እንድትናገር ነው። ሰው በምርመራ ሲያስጨንቁት ስንት ሰዓት እንደሚችል ሥራው አስተምሮታል፤ አንድ ቀን ከቻለ ብርቱ ነው። በግቢው ውስጥ የእግር ድምፅ በተሰማ ቁጥር መስኮቱን ከፍቶ ለመዝለል ተነሳ። አንዴ የአከራዩ ሚስት ናት፣ አንዴ ውኃ ቆጣሪ አንባቢው። በሁለተኛው ቀን የቧንቧው ጠብታ «ልጄ» ሲለው ሰማ። ቧንቧውን በጨርቅ አሰረው። ዝም ሲል ባሰበት። ፈራ፤ ከጥበቃዎቹ ይልቅ እሷን ማየት ፈራ። እሱም እንደዚያ ፕሮቲን ደግነቷን በር አድርጎ ነበር የገባው፣ ያንን ያውቀዋል።

ማንም አልመጣም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዶክተሩ ቡቃያውን አሳየው። በቀኝ በኩል የእስክሪብቶው ክብ ውስጥ ቅጠሉ እንደ ለመለመ ነው። በግራ በኩል ክቡ ውስጥ ያለው ሁሉ ቡናማ ሆኖ ደርቋል። ከመስመሩ አንድ ጣት አላለፈም።

ኮቴ መሰከረ፣ ፈረመ። እስከ ቀትር መጋዘኑ ታሸገ። አጎት የተያዘው ከነፔርሙሱ ነው።

«አዲስ መታወቂያህ» አለ ዶክተሩ፣ ፖስታ እየገፋለት። ከዚያ መነጽሩን አወለቀ። «የላቦራቶሪዋ ሴትዮ ትናንት አርፋለች።»

ኮቴ ፖስታውን አልነካውም።

«ሁለት ቀን ዘግተውባት ጠየቋት። ‹አጣቢው የት ነው የሚያድረው?› ነው ጥያቄው። ‹እሱ ምንም የማያውቅ ልጅ ነው፣ ብልቃጡን የወሰድኩት እኔ ነኝ› አለች። የደም ግፊት ነበረባት። መድኃኒቷ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር፤ ቦርሳዋን አልሰጧትም።»

«ደውላልኝ ነበር» አለ ኮቴ። ድምፁ የሌላ ሰው መሰለው።

«ከመያዟ በፊት ነው። ጥበቃዎቹ ስምህን ሲጠሩ ሰምታ ልታስጠነቅቅህ ነው የደወለችው።»

ደረጃው ላይ ጥቁር የለበሰች ወጣት ሴት ተቀምጣ ነበር። እሱን ስታይ ተነሳች። አገጯ ቁርጥ የእትዬ መርፌ ነው።

«ይቅርታ፣ ጋሼ፣ እዚህ ነው የሚሠሩት?»

«አይ፣ ለጉዳይ መጥቼ ነው።»

«ከእናቴ ጋር ይሠራ የነበረ አንድ ጠርሙስ አጣቢ እፈልጋለሁ። ስልኩን አላነሣ ሲላት ለእኔ ደውላ አደራ አለችኝ። መልኩን አላውቀውም። ምናልባት ያውቁት ይሆን?»

የአዲሱን መታወቂያ ፖስታ በብብቱ ይዞ ቆመ። እኔ ነኝ ማለት ሁለት ቃል ነው።

«አላውቀውም፣ እህቴ።»

«ድንገት ካገኙት ይንገሩልኝ። ‹ጥበቃዎቹ ስምህን እያነሱ ነው፤ ግን ጥፋት የለብህም፣ አትሽሽ› ብላሃለች ይበሉልኝ።»

«እነግረዋለሁ» አላት።

እስኪወርድ ድረስ ቆማ አየችው። ከዚያ ከኋላው ወደ ቢሮው የወጣውን ሌላ ሰው ያንኑ ጥያቄ ስትጠይቅ ሰማ።