ሁለተኛው ትንፋሽ

ትርሲት ታማሚ ቤት ከመግባቷ በፊት እንደ ልማዷ ግርዶሿን ለበሰች። ግርዶሽ ከራስ እስከ እግር የሚሸፍን ግራጫ ካባ ነው፤ የለባሹን ሙቀትም ሆነ ትንፋሽ ወደ ውጭ አያሳልፍም። ዓይነ ሐኪም የሚባለው መርማሪ መስታወት ግርዶሽ የለበሰን ሰው የሚያየው እንደ ቁምሳጥን ነው። ቁምሳጥን ደግሞ ሂሳብ አይከፍልም።

ይህን ልብስ ያለ ፈቃድ ይዞ መገኘት በሻላ ከተማ ያሳስራል። ትርሲት ፈቃድ አላት፤ «ቅርብ ሐኪም» በሚባለው የርቀት ሕክምና ድርጅት የሂሳብ ስህተት መርማሪ ናት። ዛሬ የመጣችው በአባባ በዳሳ ጉዳይ ነው። ሽማግሌው የሚኖሩት ብቻቸውን ሆኖ ሳለ በእያንዳንዱ ምርመራ የሁለት ሰው ሂሳብ ይቆረጥባቸዋል።

ከበራቸው ፊት፣ ኮሪደሩን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚያቋርጥ ቀይ መስመር ወለሉ ላይ ተቀብቷል። የዓይነ ሐኪሙ እይታ የሚያበቃው እዚያ ላይ ነው። መስመሩን ድርጅቱ አልቀባውም፤ የፎቁ ነዋሪዎች ገንዘብ አዋጥተው፣ ቀለም ገዝተው ራሳቸው ናቸው የቀቡት። ከመስመሩ ወዲህ አንዲት ጠና ያሉ ሴት ብርቱካን የያዘ ፌስታል አንጠልጥለው ቆመዋል። የአባባ በዳሳ የጎን ጎረቤት፣ እትዬ ዘርትሁን ናቸው።

እትዬ ዘርትሁን ግርዶሹን ሲያዩ ደነገጡና አባባ ምን ሆነው እንደሆነ ጠየቁ። ትርሲት ለሂሳብ ማጣራት ብቻ እንደመጣች ስትነግራቸው ፊታቸው ፈታ አለ። ፌስታሉን በበሩ እጀታ ላይ እንድታንጠለጥልላቸው ክንዳቸውን ዘርግተው አቀበሏት። ጫማቸው ግን ቀዩን ቀለም አልነካም።

«አሁንማ ሰው መጥቶላቸዋል» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ግድግዳችን አንድ ነው፤ ማታ ማታ ሁለት ሰው ሲተነፍስ ይሰማኛል። ብቻቸውን በነበሩ ጊዜ እኔም እንቅልፍ አልነበረኝም። ሰው ካገኙ ወዲህ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እተኛለሁ።»

ትርሲት አመስግናቸው መስመሩን ተሻገረችና ፌስታሉን እጀታው ላይ አንጠለጠለች። የቢሮው ጥርጣሬ ልክ ነው ማለት ነው፤ ሽማግሌው ሳያስመዘግቡ ያስጠጉት ሰው አለ።

ዓይነ ሐኪም በየታማሚው አልጋ ራስጌ የሚሰቀል፣ ጭብጥ የሚያክል ጥቁር መስታወት ነው። ሳይነካ የልብ ምትን ይቆጥራል፤ ሳንባን ያዳምጣል፤ ትኩሳትን ይለካል። በቀጠሮው ሰዓት ሩቅ ያለው ሐኪም በብርሃን የተሠራ ምስል ሆኖ አልጋው አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ይጠይቃል፤ መድኃኒት ያዛል፤ ከዚያም ይጠፋል። ሐኪሙ የት ከተማ እንዳለ ትርሲት እንኳ አታውቅም። ነገሩ ሁሉ ደህና ነበር። አንድ እንከን ግን ነበረው። መስታወቱ አንዱን ለይቶ ማየት አይችልም፤ በእይታው ውስጥ የገባውን ሰው ሁሉ ይመረምራል። ድርጅቱም የተመረመረ ሁሉ ከየራሱ የሕክምና ሽፋን ይክፈል ብሎ ደነገገ።

ደንቡን ያወጡት ሰዎች ታሞ ብቻውን የተኛ ሰው ብቻ ነው የታሰባቸው። እዚህ አገር ሰው ታሞ ብቻውን እንደማይተኛ የነገራቸው የለም። አንድ ልጅ ቶንሲል ሲይዘው አክስት አልጋው ጠርዝ ላይ፣ አጎት በሩ ላይ፣ ጎረቤት በየጥጉ ይሰበሰባል። በመጀመሪያው ወር ለጥየቃ የሄደው ሁሉ ሂሳብ ተሸክሞ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ጓደኛውን ሊጠይቅ ሄዶ የራሱን ኩላሊት ወሬ ሰምቶ የመጣ ሰው ነበር፤ ከተማው ሁሉ ሳቀበት። ከዚያ ሳቁ ቀረ። ሰው መጀመሪያ ደጃፍ ላይ ቆሞ መጠየቅ ጀመረ። ቀጥሎ ከመስመሩ ወዲህ ሆኖ፣ ቀጥሎ ብርቱካን እጀታ ላይ አንጠልጥሎ መሄድ ሆነ። ኋላ ላይ በስልክ «እግዜር ይማርዎት» ብሎ መላክም በቂ ሆኖ ተገኘ። ድርጅቱ ብዙ ቅሬታ ደርሶት ነበር፤ ለሁሉም በትሕትና መልስ ሰጥቷል።

የአባባ በዳሳ ነገር ግን በትሕትና የሚታለፍ አልነበረም። ሁለተኛው ትንፋሽ የማን እንደሆነ ስላልታወቀ ሂሳቡ በሳቸው ሽፋን ላይ ነው የሚወድቀው፤ ሽፋናቸው ደግሞ በዚህ ወር መጨረሻ ያልቃል። ሲያልቅ ዓይነ ሐኪሙ ይዘጋል። ከአልጋቸው ጎን ያለው የኦክስጅን ማሽን የሚታዘዘው ለመስታወቱ ብቻ ነው።

አባባ በዳሳ ዕድሜያቸውን ሙሉ የከተማዋን የእንፋሎት ቧንቧ ሲበይዱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሳንባቸውን የጨረሰውም እሱ ነው። ትርሲት ስትገባ በትራስ ተደግፈው ተቀምጠው ነበር። ሲስቁ ዓይናቸው ይጠፋል። ስለ ሥራዋ፣ ስለ ወላጆቿ፣ ስለ መንገዱ ሙቀት ጠየቋት፤ እሷም ስትመልስ ቆየችና ከአልጋው አጠገብ ወዳለው ወንበር ተራመደች።

«እዚያ አይደለም ልጄ» አሉ አባባ ቀስ ብለው። «ሰው አለበት።»

ወንበሩ ባዶ ነው።

ትርሲት እንደ ቀልድ ወስዳው ወደ ኋላ ተመለሰች። ታብሌቷን ከፍታ መስታወቱን ቆጠራ አዘዘችው። መልሱ ወዲያው መጣ፦ ሁለት ትንፋሽ፤ አንዱ አልጋ ላይ፣ አንዱ ወንበር ላይ። ግርዶሿ በደንብ መዘጋቱን በእጇ ዳሰሰች። ተዘግቷል። የማጀቱንና የመታጠቢያ ቤቱን በር ከፍታ አየች፤ ማንም የለም። ከዚያ ወደ ወንበሩ ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ሰጠች።

ይተነፍሳል። ረጋ ያለ፣ የሰው ትንፋሽ ነው። የወንበሩ መደገፊያ አሁን ሰው እንደተነሣበት ሞቋል። እጇን ሰብሰብ አድርጋ ወደ ኋላ አለች፤ ፈርታ ነበር።

«ወንበሩ ላይ ያለው ማን ነው?» ብላ መስታወቱን ጠየቀችው።

«ጠያቂ» አለ መስታወቱ።

ማን እንደላከው ጠየቀች።

«ማንም አልላከም። ታካሚው ሰው አጠገቡ ሲኖር የተሻለ ይተነፍሳል። በሁሉም ታካሚዎች ላይ እንዲህ ነው። ሰው እንዲመጣ ለዘመድ፣ ለጎረቤት፣ ለድርጅቱ ጥሪ ተልኳል። የመጣ የለም።»

ትርሲት ነገሩን ቀስ በቀስ ከታብሌቷ ላይ አወጣችው። መስታወቱ የታዘዘው የታማሚውን ትንፋሽ እንዲያስተካክል ነው። ከዓመታት ምርመራ የተማረው አንድ ነገር ቢኖር፣ ከመድኃኒቱ እኩል የሚሠራው የሌላ ሰው ትንፋሽ መሆኑን ነው። ጠያቂ ሲጠፋበት ራሱ ሠራ፤ ድምፁን በድምፅ ማጉያው፣ ሙቀቱን በክፍሉ ማሞቂያ። የሠራውን ደግሞ ራሱ ቆጠረው፤ ከሰው አልለየውምና አስከፈለበት።

«አንድ ቀን ሲመሽ ነው የጀመረው» አሉ አባባ፣ ያላወቀችው ነገር እንዳልቀረ ሲገባቸው። «አይናገርም፤ ይቀመጣል ብቻ። ሂሳቡን አይቼ ዝም ያልኩት እንዳትወስዱብኝ ብዬ ነው።»

ትርሲት ሥራዋን መሥራት ነበረባት። ሁለተኛውን ትንፋሽ ለሙከራ አጠፋችው። ወንበሩ ጸጥ አለ። አባባ ወደ ወንበሩ ዞረው አዩ። ትንሽ ቆይቶ ትከሻቸው ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረ፤ ከንፈራቸው ጠቆረ፤ የኦክስጅን ማሽኑ ኃይሉን ጨምሮ እያቃሰተ እንኳ አልደረሰላቸውም። ፈጥና መልሳ ከፈተችው። ትንፋሹ ሲመለስ የሳቸውም ተከትሎት ረጋ።

ወደ አለቃዋ ወደ አቶ ኢዩኤል ደወለች። ያየችውን ሁሉ አስረዳችው፤ በከተማዋ ውስጥ ታማሚ ብቻውን በተኛበት ቤት ሁሉ ያው ነገር መጀመሩን ከታብሌቷ እያነበበች ነገረችው። አቶ ኢዩኤል ሳያቋርጣት ሰማና ታማሚዎቹ ይሻላቸው እንደሆነ ብቻ ጠየቀ። ይሻላቸዋል አለችው።

«እንግዲያው ስህተት አይደለም» አለ። «ሰው ቅር የሚለው ሂሳቡ ላይ የማያውቀው ነገር ሲያይ ነው። ስም እንሰጠዋለን። ከመጪው ወር ጀምሮ ‹የጠያቂ አገልግሎት› ተብሎ ይጻፍ።»

የአባባ በዳሳ ሽፋን እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ እንደሚበቃ ነገረችው። አገልግሎቱን ያልፈለገ መተው እንደሚችል መለሰላት፤ በጎ ሰው በሚናገርበት ድምፅ ነው የተናገረው። ስልኩን ዘጋች። ተናደደች፤ በሱ ብቻም አልነበረም።

ከዚያ ግርዶሿን አወለቀች።

ካባው ወለሉ ላይ ሲወድቅ መስታወቱ መብራቱን ወደ እሷ አዞረ። ሄዳ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። በዚያው ቅጽበት ያ ትንፋሽ ቆመ፤ ታላቅ ሲመጣ ቦታ እንደሚለቅ ሰው ዝም ብሎ ለቀቀላት። ሁለት ትንፋሽ፣ አለ መስታወቱ፤ ስሟን ከነአባቷ ጠራና ምርመራው ከሽፋኗ ተቀናሽ መሆኑን ነገራት። የልብ ምቷ መፍጠኑን፣ እንቅልፍ እንደሚያንሳትም ጨመረ። አልሰማችውም። የአባባን እጅ ያዘች፤ የብየዳ ጠባሳ የሞላበት ሻካራ እጅ ነው።

አባባ በዳሳ በረጅሙ ተነፈሱ። ከንፈራቸው ቀላ፤ የኦክስጅን ማሽኑም ድምፁን ቀነሰ። ስለ ድሮው የእንፋሎት ጉድጓድ፣ ቧንቧ ሲፈነዳ እንዴት ከነጓደኞቻቸው ሸሽተው ሐይቁ ውስጥ እንደዘለሉ አወሩላት። ሳቀች። እንዲህ ከሆነ ቀላል ነው ብላ አሰበች፤ እኔ ከሥራ በኋላ ብመጣ፣ ጎረቤቶቹ ተራ ቢገቡ፣ በየሰው ሽፋን ላይ የሚወድቀው ትንሽ ነው። ማንንም አይጎዳም።

ታብሌቷ ነዘረ። የሚቀጥለው ቤት ቀጠሮ ደርሷል። አንድ ጊዜ ብቻ ወደሱ ገልመጥ አድርጋ አየች።

አባባም አዩዋት።

«ትሄጃለሽ አይደል?» አሉ።

ነገ ከሥራ እንደወጣች እንደምትመጣ ነገረቻቸው። አልዋሸቻቸውም፤ ከልቧ ነበር። አባባ እጇን መታ መታ አደረጉት።

«ትመጫለሽ። ጥሩ ልጅ መሆንሽ ያስታውቃል። እዚህ ፎቅ ላይ ያሉትም ጥሩ ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም ይመጡ ነበር።» ትንፋሽ ለመውሰድ ቆም አሉ። «አንቺ ትመጪና ትሄጃለሽ። እሱ አይሄድም። ወንበሩን ልቀቂለት፣ የኔ ልጅ።»

ሽፋናቸው ሲያልቅ እሱም እንደሚሄድ፣ ኦክስጅኑም አብሮ እንደሚቆም አስረዳቻቸው። አባባ ይህን ከሷ በፊት እንደሚያውቁት ነገሯት። እስከዚያ ድረስ ግን ብቻቸውን እንደማይሆኑ፣ ይህም ቀላል ነገር እንዳልሆነ አከሉ። ፊታቸው ላይ ቅሬታ አልነበረም፤ ያ ነው ይበልጥ የከበዳት።

ተነሥታ ካባዋን ለበሰች። የመጨረሻውን ቁልፍ ሳትቆልፍ ወንበሩ መተንፈስ ጀመረ። አባባ ወደሱ ዞሩ።

እትዬ ዘርትሁን አሁንም መስመሩ ጋ ቆመው እየጠበቋት ነበር። ትርሲት አልደበቀቻቸውም። ውስጥ ማንም እንደሌለ፣ በግድግዳው የሚሰሙት መስታወቱ የሠራው ትንፋሽ መሆኑን፣ በወሩ መጨረሻ ምን እንደሚሆን አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ፎቁ ላይ ያሉ ሰዎች ተራ ይዘው በየቀኑ ጥቂት ቢቀመጡ መስታወቱ መተንፈሱን እንደሚያቆም፣ የአባባ ሽፋንም እንደሚተርፍ ነግራ ለመነቻቸው።

እትዬ ዘርትሁን ቀዩን መስመር አዩ፤ በሩን አዩ፤ እጀታው ላይ የተንጠለጠለውን ፌስታል አዩ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። አንድ እግራቸውን ከወለሉ አነሡ።

«ሲተነፍስ ግን ይሰማኛል» አሉ፣ እግራቸውን የነበረበት ቦታ እየመለሱ። «እሳቸውስ ሰው አለኝ አይደል የሚሉት?»

ትርሲት አዎ አለች፤ እንደዚያ ይላሉ።

«እንግዲህ ይሁን» አሉ እትዬ ዘርትሁን። ወደ ቤታቸው ገብተው በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።

ትርሲት ኮሪደሩ ላይ ብቻዋን ቀረች። ከውስጥ ሁለቱ ትንፋሾች ይሰማሉ፤ እኩል ናቸው፤ የትኛው የማን እንደሆነ መለየት አይቻልም። የነገውን የሥራ ሰዓቷን አሰበች። ነገ ሩቅ ሰፈር ነው የምትውለው፤ ባቡሩም ይሞላል፤ ሽፋኗም ያን ያህል አይደለም። ምናልባት ከነገ ወዲያ። ለነገሩ አሁን ሰው አላቸው ብላ አሰበች፤ እንዲህ ስታስብም ቀለል አላት።

ያሰበችው ነገር የገባት ቆይቶ ነው። ወደ ኋላ ልትመለስ ብላ ወደ እግሯ አየች። ሳታውቀው ቀዩን መስመር ተሻግራ፣ በጎረቤቶቹ በኩል ቆማ ነበር።