አጭሩን ነበር ያዘዝኩት

የብስክሌት የኋላ ማርሽ ቀያሪ ክንዱ አጭርም ረጅምም ይሆናል። ካቴናው ከትንሹ ጥርስ ወደ ትልቁ፣ ከትልቁ ወደ ትንሹ ሲዘል የላላውን የምትሰበስበው፣ የተወጠረውን የምትለቀው ያቺ ክንድ ናት። በአጭሩና በረጅሙ መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ጣት ቢሆን ነው። ሰው ከሚወደው የሚለየው በሀብት፣ በዘመድ ወይም በሞት ነው ሲባል እሰማለሁ። እኔን የለየኝ ሁለት ጣት ብረት ነው ብል ማን ያምነኛል? ይኸው አምስት ዓመት ሆነው፤ እሱም የሁለት ልጆች አባት ሆኗል ይላሉ።

መጀመሪያ ያየሁት ካቴናዋ የተበጠሰውን ብስክሌቴን በትከሻዬ ተሸክሜ፣ ከነላቤ ወደ ጥገና ቤቱ የገባሁ ቀን ነው። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ያየው ካቴናውን ነው። አገላብጦ አይቶ ማን እንዲህ እንዳሳጠረው ጠየቀ። እኔ ነኝ አልኩት። ያኔ ቀና አለ። ሊቆጣኝ አስቦ ነበር መሰለኝ፤ ግን ትክ ብሎ አየኝ፣ እኔም ትክ ብዬ አየሁት። ቀድሞ ዓይኑን የሰበረው እሱ ነው።

ሰፈሩ «ሁለቴ» ይለዋል። ካቴና ከመቁረጡ በፊት ሁለቴ ይለካል፣ ደንበኛ ያዘዘውን ሁለቴ ይጠይቃል፣ ማታ በሩን ቆልፎ ጥቂት ከሄደ በኋላ ተመልሶ ሁለቴ ይገፋዋል። እናቱ ያወጣችለትን ስም የማያውቁ ደንበኞች ሞልተዋል። ሁለቴ ሲባል ግን የማያውቀው የለም።

ከዚያ በኋላ የእኔ ብስክሌት በሽታ በዛ። አንድ ቀን ፍሬኗ ይጮኻል፣ አንድ ቀን ጎማዋ ይወዛወዛል። እውነቱን ልናገርና ፍሬኗ በዕድሜው ጮኾ አያውቅም። እማዬ ነገሩ ገብቷት ነበርና «ይቺ ብስክሌት ከእኔ ደም ግፊት የበለጠ ክትትል አገኘች» ትለኝ ነበር። እኔ እንዳልሰማ እሆናለሁ።

ሁለቴ ሲሠራ እኔ የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጬ ጎማ እይዝለታለሁ። ወሬ አያበዛም። ስለ ጥርስ ቁጥር ሲነሳ ግን አንደበቱ ይፈታል። ዳገት የሚወጣ ሰው ኋላው ላይ ትልቅ ጥርስ፣ ማለትም ብዙ ጥርስ ያለው ቀለበት፣ ያስፈልገዋል፣ እግሩን ያቀልለታል አለኝ። ትልቅ ጥርስ ደግሞ ብዙ ካቴና ይጠይቃል፣ ብዙ ካቴና ረጅም ክንድ ይጠይቃል። ሒሳቡንም አስተማረኝ፦ ከፊት ከትልቁ ትንሹን መቀነስ፣ ከኋላም እንዲሁ፣ ከዚያ ሁለቱን መደመር። ድምሩ እስከ ሠላሳ ሦስት ከሆነ አጭሩ ክንድ ይችላል፤ ከዚያ ካለፈ ረጅሙ ነው። በሳምንቱ ጥያቄውን ሳይጨርስ እመልስለት ጀመር። አንድም ቀን ተሳስቼ አላውቅም፣ እሱም በዚህ ይኮራብኝ ነበር።

አንድ ቀን ጉንጬን ግራሶ ነክቶኝ ኖሯል። ንጹሕ ጨርቅ ከመሳቢያ አወጣና እጁን ወደ ፊቴ ዘረጋ።  እጁ መንገድ ላይ ቆመና ጨርቁን ሰጠኝ፤ «እዚህ ጋ ነው» ብሎ የራሱን ጉንጭ አሳየኝ። ፈሪ ነበር። እኔም ከእሱ አልሻልም፤ ጉንጬን ጠራርጌ አመሰገንኩትና ወደ ቤቴ ሄድኩ።

አባቴ በወጣትነቱ ብስክሌት ተወዳዳሪ ነበር። ጉልበቱ ባይከዳው ኖሮ የት ይደርስ እንደነበር የማይናገርበት ምሳ የለም። በቤታችን ሁላችንም «አሰልጣኝ» ነው የምንለው፣ እማዬም ጭምር። በስሙ የምትጠራው ስታኮርፈው ብቻ ነው። ከአሥር ዓመቴ ጀምሮ በየማለዳው ከእኔ ቀድሞ እየተነሳ ጎማዬን የሚነፋ እሱ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው «አልፈልግም» ማለት ለእኔ አልሆነልኝም።

ከባሕር ማዶ የሚመጣ አንድ የብስክሌት ቡድን በየዓመቱ በሚያደርገው ተራራ የመውጣት ፈተና አንደኛ የወጣችውን ልጅ ይዞ ይሄዳል። ሁለት ጊዜ ሞክሬ አንዴ ሦስተኛ፣ አንዴ ሁለተኛ ወጣሁ። በሦስተኛው ዓመት አባቴ ቁርጡን ነገረን። ይህ የመጨረሻው ነው፤ ካልሆነ ብስክሌቷን ግድግዳ ላይ ሰቅለን እንደ ሰው እንኖራለን አለ። እሱ ይህን ያለው እያዘነ ነው። እኔ ግን የዚያን ቀን በደስታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። እንደ ሰው መኖር፣ ከሁለቴ ጋር፣ ሌላ ምን እፈልግ ነበር?

አውቄ ልሸነፍ ብል አልችልም። አባቴ በመኪና ከኋላዬ ይከተላል፣ እግሬንም ከራሱ ጣቶች አብልጦ ያውቀዋል። ብለግም ያየኛል። የሌለ ማርሽ ግን ማንም አይወቅስም። ኋላዬ ላይ ትልቁ ጥርስ ሃያ ስምንት ከሆነ እኔ ያን ተራራ ቀድሜ አልወጣም። ይህንንም የነገረኝ ሁለቴ ነው።

ስለዚህ ፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ያረጀው ማርሽ ቀያሪዬ መለወጥ ነበረበትና፣ የማዘዣውን ወረቀት በእጄ ሞላሁት። ክንድ፦ አጭር። ትልቁ ጥርስ፦ ሃያ ስምንት። ሰው የፍቅር ደብዳቤ ሲጽፍ ጽጌረዳ ምናምን ይላል። የእኔ ይኸው ነበር። ጥርስ መቁጠር የሚያውቅ ሰው እንደማልሄድ ያውቃል ብዬ አመንኩ።

ሁለቴ ወረቀቱን አነበበ። ደግሞ አነበበው። ቀና ብሎ አየኝና አፉን ሊከፍት ሲል የአባቴ መኪና ደጁ ላይ ጡሩንባውን ነፋ። ሁለቴ ወደ በሩ አየ፣ ወደ እኔ አየ፣ ከዚያ ወረቀቱን አጥፎ የደረት ኪሱ ውስጥ ከተተና ፈገግ አለ። ሁሉን ነገር ሁለቴ የሚጠይቀው ሰው ያን ቀን አንዴም አልጠየቀኝም። እኔ ደግሞ ገብቶታል ብዬ፣ መሬቱን ሳልረግጥ ወደ መኪናው ሄድኩ።

እነዚያ ሁለት ሳምንታት የሕይወቴ ምርጦቹ ናቸው። እማዬ ሽንኩርት እየላጠች አስተዋለችኝና «ፊትሽ የምትቀር ሰው ፊት ነው» አለችኝ። አልካድኳትም። እሷም ለአሰልጣኝ አልነገረችም።

የፈተናው ማለዳ ሁለቴ ብስክሌቴን እየገፋ ወደ መነሻው መስመር መጣ። ከሩቅ ነው ያየሁት። ክንዱ ረጅም ነበር። 

አባቴም አየው። እሱ በሚወዳደርበት ዘመን ረጅም ክንድ የሚገጥመው አትክልት የሚያመላልስ ሰው ብቻ ነበርና «ይሄ ምንድን ነው? ማን ነው ይህን የገጠመው?» ብሎ ተቆጣ።

«እሷ ናት ያዘዘችው፣ ጋሼ» አለ ሁለቴ በእርጋታ። «ኋላው ሠላሳ ሁለት ጥርስ ነው። ቆጥራበታለች፤ ልክ ናት።»

አባቴ ዞሮ አየኝ። ከዚያ ያን ትልቅ እጁን ራሴ ላይ አሳረፈና ለቆሙት ሁሉ ልጄ አስባበታለች አላቸው። ምን ልበል? ሁለቴ ጎማዬን የሚፈትሽ መስሎ ጎንበስ አለና ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «ወረቀቱ ላይ ተሳስተሽ ነበር። አይዞሽ፣ ማንም አላወቀም» አለኝ። ፊቱ ላይ የነበረው ደስታ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

ፊሽካው ተነፋ። ተራራው እግር ድረስ አንድ ነገር ብቻ ነው ያሰብኩት፦ ወይ አልገባውም፣ ወይ ገብቶት ሂጂ እያለኝ ነው። ሁለቴ ጥርስ ቆጠራ አይገባውም ማለት ደግሞ ዓሣ ዋና አይችልም ማለት ነው። ስለዚህ የባሰውን አመንኩ። የተከፋ ልብ ሁልጊዜ የባሰውን ነው የሚያምነው።

ዳገቱ መሐል ላይ ሁለት ልጆች ቀድመውኝ ነበር። ሃያ ስምንቱ ላይ ልቆይ እችል ነበር፤ ሠላሳ ሁለቱ የለኝም ብዬ አስቤ፣ እንዳሰብኩት ተሸንፌ መመለስ። የአባቴ መኪና ከኋላዬ ያጓራል። ሁለቴን በልቤ ሂጂ ካልከኝ እሄዳለሁ አልኩትና ማርሹን ነካሁት። ካቴናው ወደ ሠላሳ ሁለቱ ወጣ፤ እግሬ ቀለለኝ። ሁለቱንም ልጆች አለፍኳቸው። ላብ ነው ያሉት እንባ ነበር።

በአንድ ደቂቃ ተኩል ቀድሜ ገባሁ። የቡድኑን የሦስት ዓመት ውል የአባቴ መኪና አፍንጫ ላይ አስደግፌ እዚያው ፈረምኩ። አባቴ ለምስክርነት ፈረመ። ለጉልበቱ እንኳ ያላለቀሰ ሰው ከሰው ፊት አለቀሰ። ሁለቴ ከሰዎቹ ኋላ ቆሞ ያጨበጭባል። ከሁሉም የጎዳኝ ያ ጭብጨባ ነው።

ልሄድ ሦስት ቀን ሲቀረኝ አባቴ ብስክሌቷን ለጉዞ የሚያሽግልኝን ሰው ወደ ቤታችን ጠራ። ሌላ ማንን ይጠራል? ሁለቴ ካርቶኑን ሳሎናችን መሐል ዘረጋ። ፔዳሎቹን ፈታ፣ መሪውን ፈታ። በመጨረሻ ማርሽ ቀያሪው እንዳይጣመም ብሎ እሱንም ፈታውና በጨርቅ ይጠቀልለው ጀመር። ከተፈተንኩበት ቀን ወዲህ ከሰላምታ በቀር አንድ ቃል አልነገርኩትም ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለ ጨርቁን እያየ። «ቁጥር ላይ ተሳስተሽ አታውቂም። ያን ቀን ምን ነካሽ?»

«አልተሳሳትኩም።»

እጁ ቆመ።

«ሃያ ስምንት ይዤ ያን ተራራ ቀድሜ እንደማልወጣ ታውቃለህ» አልኩት። «ራስህ ነህ የነገርከኝ።»

«እና?»

«እና አልሄድም ነበራ። ብስክሌቷ ትሰቀላለች፣ እኔ እቀራለሁ። ላንተ ብዬ ነው የጻፍኩት።»

ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለ።  ከጓዳ ይሰማ የነበረው የእማዬ ሳህን ኮሽታ ቆመ። ሁለቴ ቀስ እያለ ነገረኝ። ፈተናው አስጨንቋት ቁጥር ጠፋባት ብሎ ነው ያሰበው። አባቴ ቢያውቅ እንዳይቆጣኝ ሰግቶ ማንንም ሳይጠይቅ ረጅሙን ፍለጋ ሁለት ቀን ከሱቅ ሱቅ ዞሯል። ሲገጥመው ለእኔ ደስ ብሎት፣ ለራሱ ደግሞ እየመረረው ነበር። አልቅሼ ነው የገጠምኩት አለኝ።

«ለምን በአፍሽ አልነገርሽኝም?» አለ።

«አንተስ ለምን አልጠየቅከኝም?»

ጨርቁን ፈትቶ ብረቱን እንደገና ይጠቀልል ጀመር። እኔ ግን አላረፍኩም፤ ሰው ቁስሉን ካልነካካ አይሆንለትም።

«ብታውቅ ኖሮ ምን ታደርግ ነበር?»

እንደ ልማዱ አልቸኮለም። ብረቱን መዳፉ ላይ እንደያዘ አሰበበት።

«አጭሩን እገጥምልሽና ዳገቱ ሥር ቆሜ እጠብቅሽ ነበር» አለኝ።

በተዋወቅንበት ሁለት ዓመት ውስጥ የነገረኝ የፍቅር ቃል ይኸው ብቻ ነው። ዓይኔን አየኝ፤ በዚህኛው ጊዜ ቀድሞ አልሰበረም። እጄን ዘረጋሁ፣ ግራሶ የነካው እጁ ላይ አኖርኩት። አልሄድም ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ውሉ ይቀደዳል፣ ሁለተኛ የወጣችው ልጅ ትሂድ፣ ልለው ነበር።

አባቴ በሩን በትከሻው ገፍቶ ገባ። ፕላስተርና መቀስ ይዟል፣ እያንጎራጎረም ነው። አባቴ ጉልበቱ ከከዳው ወዲህ ሲያንጎራጉር ሰምቼው አላውቅም። እማዬ ከኋላው የጓዳው በር ላይ ቆማ እኔን ታየኛለች። ሁሉን ታውቃለች፤ ግን እሷም እንጉርጉሮውን እየሰማች ነበር። እጄን ሰበሰብኩ። ሁለቴ አባቴን አየው፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ሂጂም አላለኝ፣ ቅሪም አላለኝ።

«አለቀ?» አለ አባቴ።

«አለቀ፣ ጋሼ» አለ ሁለቴ። የተጠቀለለውን ብረት ከጎማው አጠገብ አስቀመጠና ካርቶኑን ከደነው። አባቴ አንዱን ጠርዝ ያዘ፣ እኔ ሌላውን ያዝኩ፣ ሁለቴ ፕላስተሩን ከዳር እስከ ዳር ሳበው።