ሙሉዬ የፈቀደችው

ኢንስፔክተር ሳጋል ጋአን ሊባህ ሰፈር ካለው ቤት ስትደርስ፣ የቤት ሠራተኛዋ ሙሉዬ ራሷ ባጠበችው አንሶላ ተሸፍና ግቢው ውስጥ ተጋድማለች። ልብስ ልታሰጣ ከወጣችበት ጠፍጣፋ ጣሪያ ነው የወደቀችው። የጣሪያው ዙሪያ ግን ደረት ድረስ የታጠረ ነው፤ ካልገፉት ማንም ከዚያ አይወድቅም።

ስልኳ ሳሎን ውስጥ ቻርጅ ላይ ነበር። ሳጋል ስታነሣው የተቆለፈው ስክሪን በራ፦ «ዛሬ ለኢልዋድ ስለ እናቷ ወተት ንገሪያት።»

ድሬዳዋ ያደገችው ሳጋል አማርኛውን አንብባ ተረጎመችው። አለቃዋ ዱዓሌ ጣጣ አይወድም። «አማርኛ ከሆነ ከሾፌሩ ሌላ ማን ያውቃል?» አለ። የበርበራ መስመር የጭነት መኪና ሾፌሩ ያረጋል፣ የሙሉዬ አገር ልጅ፣ የዚያን ዕለት ጠዋት በር ላይ ሲያነጋግራት ታይቷል። በዚሁ ታሰረ።

ማስታወሻው የተጻፈበት መተግበሪያ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ነው። ሳጋል አዲስ አበባ ላለችው የመተግበሪያው ሠሪ ለረድኢት ደወለች።

«ውስጡን ክፈቺልኝ።»

«አልችልም፣ እህቴ። ጽሑፉ ከስልኩ አይወጣም፤ የሚከፍተውም የእሷ የይለፍ ቃል ብቻ ነው። ሰው እንዳያይባት ብለን ነው እንዲህ የሠራነው።»

«ይኸው እኔ አየሁት።»

«ማሳወቂያ ፈቅዳ ይሆናል። አንዴ ‹ፍቀድ› ካሉት ተቆልፎም ላለፈ ላገደመው ሁሉ ያሳያል።»

ልጅቷ ምስጢሯን በቋንቋም በቁልፍም ደብቃ፣ ያሳበቀባት የገዛ ስልኳ ነው።

የቤቱ እመቤት የኢልዋድን ወንድም፣ እዚያው የሚኖረውን ዓብዲራሺድን፣ በሶማሊኛ ጠየቀችው።

«መልእክቱን አይተኸዋል?»

«ባየውስ? አማርኛ አንድ ቃል አላውቅም።»

የሳሎኑ አቧራ አስነጠሰው።

«ይማርህ፣» አለች ሳጋል ሳታስበው በአማርኛ።

«ያኑርሽ፣» አለ።

ሳጋል ቃሉን ደብተሯ ላይ ጻፈችው።

ወሩን ሙሉ ሲያንቀላፉ የከረሙት የእሱና የኢልዋድ እናት ራሕሞ ደግሞ፣ ሙሉዬ ከሞተች ወዲህ ነቅተው «መሬቴን ማን ሸጠው?» ማለት ጀምረዋል።

በማግስቱ ሁሉም ሳሎን ተሰበሰቡ፤ ያረጋልም በካቴና መጣ። ሳጋል በሶማሊኛ አስረዳች።

«ያረጋል ከበሩ አላለፈም፤ ስልኩ የነበረው እዚህ ነው። ስለዚህ ያነበበው የቤት ሰው ነው። ዓብዲራሺድ፣ ‹ያኑርሽ› ያልከኝ አንተ ነህ። እናትህን በወተት ውስጥ መድኃኒት እየጨመርክ አደንዝዘህ ለመሬቱ ሽያጭ አሻራቸውን ወሰድክ። ሙሉዬ ደረሰችብህ። ለእህትህ ልትናገር መሆኑን ስታነብ ተከትለሃት ጣሪያ ወጣህ።»

«ወተቱ የታል?» አለ ዓብዲራሺድ። «ነው ወይስ ማስነጠስ ወንጀል ሆነ?»

«ልጅ ሳለ ድሬዳዋ አጎታችን ጋ ሆኖ ተምሯል፣» አለች ኢልዋድ። እናቷን አየችና ፊቷን ሸፈነች።

ዱዓሌ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ አማርኛ የሚያነቡት ሁለት ናቸው። አንዱ ታስሯል። ሌላውን የሚዋሱ የጎሳው ሽማግሌዎች ደግሞ ደጅ ቆመዋል።»

«ያረጋልንስ ማን ይዋሰዋል?»

ዱዓሌ በሩን ለሽማግሌዎቹ ከፈተ። ማስረጃው ያለው ሳጋል እጅ ላይ ባለው ስልክ ውስጥ ነው፤ ልትደርስበት ግን አልቻለችም።

ሶማሊኛው ከገበያ የማያልፈው ያረጋል፣ ሽማግሌዎቹ ገብተው ዓብዲራሺድን ሲያቅፉት አይቶ ነገሩ በዕርቅ ያለቀ መሰለው።

«እህቴ፣ መኪናዬ እንደተጫነች በርበራ ቆማለች። ልሂድ?»

«ቆይ፣» አለችው፤ ካቴናው ገና እጁ ላይ ነበር።